«ሽታ አይስማማኝም» ማለት ቅብጠት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከእጅ እጅ እየተቀባበልነው ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ሽቶ፣ ዕጣን፣ የከሰል ጭስ፣ በረኪና፣ አቧራና ሻጋታ ያሳምመናል የሚሉ ሠራተኞችን ይመለከታል። እነዚህ ሰዎች ቢሮ ቀይሩልን፣ ባልደረቦቻችን ሽቶ ይቀንሱልን፣ ሲብስብንም በሕክምና ቦርድ ታይተን ጡረታችን ይከበርልን ማለታቸው ተገቢ አይደለም ይላል። እኔ ደግሞ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

እዚህ ጅማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች በእጄ ያልፋሉ። ጽሑፉ ተነቦ የሚረሳ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ኃላፊዎች «ይኸው፣ መልሱ እዚህ አለ» እያሉ ለሠራተኛ ሲልኩት አይቻለሁ። የሰው እንጀራ የሚነካ ነገር ሲሆን ዝም አይባልም።

መጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አካል ጉዳት የሚታይ ነገር ነው፤ ሽቶ የማይችል አፍንጫን ከዓይነ ስውርነት ጎን ማሰለፍ እውነተኛ አካል ጉዳተኞችን መናቅ ነው ይላሉ። ሕክምናው ራሱ አላመነበትም፣ በምርመራ የማይገኝ ሕመም ከሐሳብ የሚመጣ ነው ይላሉ። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር አያውቀውም፣ ከፈረንጅ የተቀዳ ቅብጠት ነው ይላሉ። ጅማ የቡና አገር ናት፣ ቡናና ዕጣን አይቅረቡኝ የሚል ሰው ባህላችንን እንድንተው እየጠየቀ ነው ይላሉ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ሁሉም አለርጂ አለብኝ እያለ ቢሮ ያማርጣል፣ ያለ ዕድሜው ጡረታ ይጠይቃል የሚል ስጋትም አላቸው። የሚዘጉት ደግሞ ሥራው ያልተስማማው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ በሚል ምክር ነው።

አንድ በአንድ ከመሄዴ በፊት ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያሳሳተውን ነገር ልናገር። ሁለት ለየቅል የሆኑ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንደኛው «ሥራዬን መሥራት እንድችል ይህቺን አስተካክሉልኝ» የሚል ነው። ሌላው «ከእንግዲህ መሥራት ስለማልችል የሚገባኝ ይሰጠኝ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ማመቻቸት ነው፤ ለቅርብ ኃላፊ ይቀርባል፤ ብዙ ጊዜ ወጪው ትንሽ ነው። ሁለተኛው የጡረታ ወይም የካሳ ጥያቄ ነው፤ የሕክምና ቦርድ ያየዋል፤ ማስረጃው ከባድ ነው። እኔ ያየኋቸው ማመልከቻዎች አብዛኞቹ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። ሰዎቹ የሚለምኑት ሥራቸው ላይ ለመቆየት ነው። ይህ ልመና በጊዜ ሲመለስ ወደ ሁለተኛው መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ጸሐፊው ሰው ያለ ዕድሜው ጡረታ እንዳይወጣ ከልብ የሚጨነቁ ከሆነ የማመቻቸቱ ደጋፊ መሆን ነበረባቸው።

አካል ጉዳት የሚታይ ነገር ነው የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ታክሲ ተራ ቆሞ ብታዩት ምኑ ይታያል? መስማት የተሳነው ሰውስ? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካልን፣ የአእምሮንና የስሜት ሕዋሳትን ጉዳት ይጠቅሳል እንጂ ጉዳቱ ለዓይን የሚታይ ይሁን አይልም። ትኩረቱ ሌላ ቦታ ነው። ጉዳቱ ከማኅበራዊ፣ ከኢኮኖሚያዊና ከባህላዊ መድልዎ ጋር ተደምሮ የሰውየውን እኩል የሥራ ዕድል ቀንሶታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳንባም የአካል ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያነሱት አንድ ቅሬታ እውነት አለው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ፎቅ ላይ ወዳለ ቢሮ መውጫ አጥቶ ደጅ ቆሞ ይመለሳል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት ጠይቀው መልስ ሳያገኙ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥሰው ሁሉ «እኔም አካል ጉዳተኛ ነኝ» ቢል ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም። ቀለል ያለ ሳይነስ ያለበት ሁሉ ይህን ስም ይውሰድ የሚል ክርክር የለኝም። ወሰኑ የሚሰመረው የመሥራት አቅም ላይ ነው። ክሊኒክ ሄዶ ኦክስጅን ተደርጎለት የሚመለስ ሰውና አፍንጫው የሚያሳክከው ሰው አንድ አይደሉም። ይህን መለየት ይቻላል። ለአንዱ መስኮት ስለተከፈተለትም ከሌላው ራምፕ አይወሰድበትም።

ወደ ሕክምናው ልግባ፤ ጽሑፉ ብዙ ሰው ያሳመነው በዚህ በኩል ነውና። ጸሐፊው «ሽታ አይስማማኝም» የሚሉትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከተው «በሳይንስ አልተረጋገጠም» ይላሉ። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር ነው ያለው።

አስም አለ። አስም ያለበትን ሰው ጭስ፣ ሽቶ፣ ቀዝቃዛ አየርና አቧራ ሊቀሰቅሱበት እንደሚችሉ የማይታወቅበት የሕክምና ትምህርት ቤት የለም። የቆዳ አለርጂ አለ፤ ጀርባ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ የትኛው ንጥረ ነገር እንዳመጣው ይለያል፤ የሽቶ ንጥረ ነገሮችም በሰፊው ከሚታወቁት ቀስቃሾች መካከል ናቸው። ማይግሬን አለ። ሽታ ማይግሬንን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ማይግሬን ራሱ ግን በደም ምርመራም በራጅም አይታይም። ሐኪም የሚያውቀው በሽተኛውን በደንብ አዳምጦ ነው። «በምርመራ ካልተገኘ የለም» ካልን ማይግሬንንም ከሕክምና መጽሐፍ መሰረዝ ሊኖርብን ነው።

ሥራ ቦታ የሚያመጣው አስም ደግሞ የራሱ መለያ አለው። በሥራ ቀናት ይብሳል፣ በዕረፍት ቀናትና በፈቃድ ጊዜ ይሻላል። ይህን ለማረጋገጥ የግድ ትልቅ ማሽን አይጠይቅም። ሰውየው በኃይል ተንፍሶ የትንፋሹን ጉልበት የሚለካበት ትንሽ የፕላስቲክ መሣሪያ አለ። በቀን ውስጥ ደጋግሞ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ ሥራ ላይም ቤትም እየለካ ይመዘግባል። ቁጥሩ ሰኞ ወርዶ ቅዳሜና እሑድ ከፍ ካለ፣ ነገሩ ከሐሳብ የመጣ ነው ማለት ያስቸግራል። ሳንባ የሳምንቱን ቀን አይቆጥርም።

ሻጋታም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት ባለበት ሕንፃ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎች ላይ የመተንፈሻ አካላት ሕመምና አስም በብዛት እንደሚታይ አስቀምጧል። ጅማ ምን ያህል እንደሚዘንብ ለጅማ ሰው አልነግርም። ክረምት ከገባ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይሻግታል፤ ጫማ አረንጓዴ ይለብሳል። ይኸው አየር ቢሮ ውስጥ ሲገባ ምን የተለየ ይሆናል?

በረኪናም አለ። የጽዳት ሠራተኞቻችን መጸዳጃ ቤቱ ቶሎ እንዲነጣ ብለው በረኪናን ከአሲድ ጋር ሲቀላቅሉ አይቻለሁ። ከዚህ ቅልቅል የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ክሎሪን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መሣሪያ ሆኖ ያገለገለ ጋዝ ነው። ይህን ተንፍሳ የምታስል ሴት ቅብጠት ያዛት እንዴት ይባላል?

አሁን ለጸሐፊው የምለቀውን ልልቀቅ። ከእነዚህ ሁሉ ውጪ፣ ትንሽ ትንሽ የብዙ ነገር ሽታ ራስ ምታት፣ ድካምና የሐሳብ መበታተን ያመጣብኛል የሚሉ ሰዎች አሉ። አስማቸውም አለርጂያቸውም በምርመራ አይገኝም። በዚህ ላይ ሐኪሞች አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1996 በርሊን ላይ በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች «ምክንያቱ ያልታወቀ የአካባቢ አለመስማማት» የሚል ስም የመረጡለትም ለዚህ ነው። ሽታው ተሸፍኖ፣ ተሳታፊው የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ሳያውቅ በተደረጉ ሙከራዎች ብዙዎቹ መለየት አልቻሉም። የስልክ ታወርና የዋይፋይ ሞገድ ያሳምመናል የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ማብራሪያ ሕመማቸው እውነተኛ መሆኑን ተቀብሎ፣ ከሞገዱ ጋር የሚያገናኘው ሳይንሳዊ መሠረት ግን እንደሌለ ገልጿል። እኔም ዋይፋይ ይነቀልልኝ የሚል ማመልከቻ ቢመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሐኪም ምን አለ ብዬ ነው።

ከዚህ ግን የጸሐፊው መደምደሚያ አይከተልም። ምክንያቱ አከራካሪ የሆነ ሕመም ሕመም መሆኑ አይቀርም። የእነዚህ ጥቂት ሰዎች ጉዳይ አከራካሪ ስለሆነም አስም ያለባት ሴት ደብዳቤ አብሮ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም። ጽሑፉ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው። ከሁሉም ደካማውን ምሳሌ መርጦ በእሱ ሁሉንም ዳኘ።

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ምች የሚባለውን ነገር ያስተማረን የትኛው ፈረንጅ ነው? እናቶቻችን ፀሐይና ሽታ ሰው ይመታል ብለው ዳማከሴ ሲያሹ የኖሩ ናቸው። አራስ ቤት ሽቶ ተቀብቶ የሚገባ ሰው ይቆጣል። በሕክምና ሲታይ ምች ምንድን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። አንዱ የሚችለውን ሽታ ሌላው ላይችለው ይችላል የሚለው ሐሳብ ግን በአውሮፕላን አልመጣም።

ሕጉ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ትልቁ ስህተት ያለው እዚህ ነውና። «የኢትዮጵያ ሕግ አያውቀውም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግማሹ ልክ ነው። ሽቶ ወይም ሻጋታ የሚል ቃል በአካል ጉዳተኞች አዋጅ ውስጥ አታገኙም። ነገር ግን የስኳር በሽታም ሆነ የሚጥል ሕመም በስም አልተዘረዘረም። አዋጁ የበሽታ ዝርዝር አይደለም። የሚለው ይህን ነው፤ አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ያደርጋል። ማመቻቸት ሲልም የሥራ መሣሪያን፣ የሥራውን መስፈርት፣ የሥራ ሰዓትን፣ የድርጅቱን አወቃቀርና የሥራ አካባቢን ማስተካከልን ይጨምራል። የሥራ አካባቢ የሚለውን ልብ በሉልኝ። አየር የሥራ አካባቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

አዋጁ ለአሠሪውም አስቧል። ማመቻቸቱ ከአቅም በላይ ጫና የሚያመጣ ከሆነ አይገደድም። ጫናው የሚመዘነው ደግሞ በወጪው፣ በድርጅቱ ስፋትና በሠራተኞቹ ብዛት ነው። ስለዚህ «ለአንድ ሰው ብለን ሕንፃ እንሥራ ወይ?» የሚለው የጸሐፊው ጥያቄ መልሱ ራሱ አዋጁ ውስጥ ነበረ። አትሥሩ። መስኮት ክፈቱ፣ ጠረጴዛ አዙሩ።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። ስምምነቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ መድልዎ ነው ይላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አለ። አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ከአካል ጉዳተኝነት ጋር አይገናኝም፤ አዋጁ ለሚመለከተው ማንኛውም ሠራተኛ ነው። በዚህ አዋጅ ሥር የምትሠራ አንዲት ሴት አካል ጉዳተኛ ናት አይደለችም የሚለው ክርክር ሳያልቅ በዚህ አንቀጽ ብቻ ጭምብል ልትጠይቅ ትችላለች።

አየር ላይ ሕግ አይወጣም ለሚል ሰው ሌላም ማስረጃ አለ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል፤ ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር ርቀት ውስጥም አይጨስም። ያኔም «ሰው በገዛ ሲጋራው ምን አገባቸው» ተብሎ ነበር። ዛሬ ቢሮ ውስጥ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ቢኖር እኚሁ ጸሐፊ የሚቆጡ ይመስለኛል።

በሌላ አገር ምን እንደተደረገ ማየትም መቅዳት አይደለም። የካናዳ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ፖሊሲ እንዲህ ያለ አለመስማማት ያለባቸው ሰዎች እንደ ማንኛውም አካል ጉዳተኛ ማመቻቸት ይገባቸዋል ብሏል። አሜሪካ ውስጥ የዲትሮይት ከተማ አስተዳደር ሠራተኛ የሆነች ሴት የባልደረባዋ ሽቶ መተንፈስ ከለከለኝ ብላ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2010 ከተማው 100,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ፤ ሽቶና ሽታ ያላቸው ቅባቶች እንዳይጠቀሙ ሠራተኞችን የሚያሳስብ ማስታወቂያም ለጠፈ። ልብ በሉ፤ ማስታወቂያው ወረቀት ነው። መጀመሪያ ቢለጠፍ ኖሮ መቶ ሺው ዶላር ባልወጣ።

የጥቅሙ ጉዳይ ላይ ግን ጸሐፊው የፈሩት ነገር ከእውነታው ይርቃል። በእኛ አገር «ሽታ አይስማማኝም» ብሎ በየወሩ ገንዘብ የሚቀበልበት መስኮት የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ይላል፤ ያለው ድጋፍ ግን ጠባብ ነው። በጡረታ አዋጆቹ፣ ማለትም ለመንግሥት ሠራተኛ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 1268/2014፣ የጤና ጉድለት አበል አለ። ይህን ለዕድሜ ልክ ለማግኘት በሕክምና ማስረጃ ለሥራ ብቁ አለመሆን መረጋገጥ አለበት፤ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎትም ይጠይቃል። ከዚያ በታች ያገለገለ ሰው የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ዳረጎት ነው። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ተብሎ የጉዳቱ መጠን በቦርድ ይወሰናል። ይህን ሁሉ ደጅ ጥናት ለሽቶ ጥላቻ ብሎ የሚገባበት ሰው አላየሁም።

ጅማና ባህል ላይ ልምጣ። ጸሐፊው ይህን ሲጽፉ ስሜታቸው ይታያል፤ እኔም እጋራዋለሁ። ቡና የዚህ አገር ሕይወት ነው። ከሂርማታ እስከ ፈረንጅ አራዳ ብትሄዱ የቡና ሽታ አብሯችሁ ይሄዳል። ቡናው ይቅር ያለ ሰው ግን የለም። በእጄ ካለፉት ማመልከቻዎች አንዱም ቡና አይጠጣ አይልም። የሚሉት ይህን ነው፤ የሚቆላው ኮሪደሩ ውስጥ ሳይሆን ደጅ ይሁን፤ ዕጣኑ በር ተዘግቶ አይጨስ። የጀበናውን ቦታ ከበሩ ውጪ ወዳለው በረንዳ ማውጣት ባህል ማጥፋት ከሆነ፣ አያቶቻችን ከቤት ውጪ ዛፍ ሥር ቡና ሲያፈሉ ባህል አጥፍተዋል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ያለው ማዕጠንት፣ ቤት ውስጥ የሚጨሰው ዑድ ሌላ ጉዳይ ነው። ያ የአምልኮና የቤት ነገር ነው፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እዚያ አይደርስም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

ባህል የሚለው ቃል ግን የሚሸፍነውን ማየት አለብን። ቡና ማለት ሲኒና ጀበና ብቻ አይደለም። ቡና ማለት መጋዘንም ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሲፈለፈል ገለባው ደቆ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ከማሽኑ አፍ ይወጣና የመጋዘኑን ብርሃን ቡናማ ያደርገዋል። ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ በጣታቸው እየለዩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ቅንድባቸው ላይ ብናኙ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ሻሻቸውን ወደ አፍንጫ ሳብ ያደርጋሉ፤ ሻሽ ግን ደቃቁን ብናኝ አያቆምም። የጥሬ ቡና ብናኝ አለርጂና አስም እንደሚያመጣ በሥራ ጤና ሕክምና ከታወቀ ቆይቷል። ከእነሱ አንዷ «ደረቴን ይዞኛል፣ ከማሽኑ ራቅ አድርጉኝ» ስትል ባህል ደፈረች? የምንኮራበትን ቡና ለዓለም የሚያዘጋጁት እነዚህ እጆች ናቸው። ለቡና የቆመ ሰው መጀመሪያ ለእነሱ ነው መቆም ያለበት።

ቢሮ ውስጥ ያየሁትንም ልጨምር። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ክፍሉ ከመሬት ዝቅ ያለ ነው። ግድግዳው ከታች እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ቀለሙ ተቆራርጦ ተነስቷል፤ ከኋላ መደርደሪያው ጋ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። የቆየ ፋይል ሲሳብ ገጾቹ ተጣብቀው ይመጣሉ፤ ሲላቀቁ ዱቄት የመሰለ ነገር ይቦናል። ልጅቷ ፓፍ በኪሷ ይዛ ነበር የምትሠራው። በየክረምቱ የሕመም ፈቃድ ትወጣለች። ኃላፊዋ ሥራ ጠልታ ነው ይል ነበር። በኋላ የተደረገው ይህ ነው፤ ጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ወዳለው መስኮት ያለው ክፍል ሄደ፤ የቆዩ ፋይሎችን የሚያወጣ ሌላ ሰው ተመደበ፤ እሷ የገቢና ወጪ ደብዳቤ ምዝገባውን ያዘች። መደርደሪያውም ከግድግዳው ትንሽ ተነጠለ። በጀት አልተጠየቀም። የሚቀጥለው ክረምት ሥራዋ ላይ ነበረች።

ይህ ወደ አጭበርባሪዎቹ ክርክር ይወስደኛል። አዎ፣ የሚያጭበረብር ሰው ይኖራል። በሕመም ፈቃድም የሚያጭበረብር አለ፤ በለቅሶ ፈቃድም አለ። ለዚህ ሲባል የለቅሶ ፈቃድ ይቅር ያለ የለም። ደግሞስ እዚህ የሚገኘው ትርፍ ምንድን ነው? መስኮት አጠገብ መቀመጥ? ለዚህ ብሎ ሐኪም ቤት ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ወረቀት አጽፎ የሚመጣ ሰው ብዙ አይሆንም።

ማጣሪያም አለ። ሐኪሙ «አለርጂ አለባት» ብሎ ብቻ ከጻፈ ለእኔ አይበቃኝም፤ ለሠራተኛዋም አይበጃትም። የሚጠቅመው ወረቀት ምን መሥራት እንደማትችል የሚናገር ነው። አቧራ ባለበት ክፍል ከስንት ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለባት፣ ጭስ ሲኖር ምን እንደሚደርስባት፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚቆይ። ማመልከቻዋ ደግሞ የምትፈልገውን ለይታ ትጻፍ። «የሥራ አካባቢዬ ይስተካከልልኝ» ከማለት «ጠረጴዛዬ ከፎቶ ኮፒው ክፍል ይውጣልኝ፤ ጽዳቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይሁንልኝ» ማለት መልስ ያስገኛል። ኃላፊውም ከተጠራጠረ ለአንድ ወር ሞክሮ ይየው። የሕመም ፈቃዷ ከቀነሰ መልሱን አገኘ። ካልቀነሰም ጠረጴዛው ይመለሳል።

ወጪ ለሚሉት ደግሞ ሒሳቡን እንሥራ። በ1156/2011 መሠረት የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እየተከፈለው ያርፋል። ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ ይቀጥላል። ያ ሁሉ ጊዜ ሥራው ተስተጓጉሎ፣ ሌላ ሰው ተደርቦበት ነው። ይህ ከአንድ ጠረጴዛ መዞር ይረክሳል የሚል የሒሳብ ሠራተኛ ካለ ላግኘው። ወጪው በእውነት የሚከብድባቸው ትንንሽ ድርጅቶች መኖራቸውን አልክድም፤ አንድ ክፍል ብቻ ያላት ፀጉር ቤት ሠራተኛዋን የት ታዛውራት? ለእነሱ ነው አዋጁ ከአቅም በላይ ጫና የሚለውን ያስቀመጠው። ጽሑፉ ግን የፀጉር ቤቷን ችግር ይዞ ባለ ብዙ ክፍል መሥሪያ ቤቶችን ነጻ አወጣ።

«ሌላ ሥራ ይፈልግ» የሚለውን የመጨረሻ ምክር ሳነብ አዝኛለሁ። ጅማ ውስጥ ሌላ ሥራ የት ነው ያለው? ቡና ለቃሚዋ ከመጋዘኑ ብትወጣ የሚጠብቃት ጉሊት ነው፤ ወይም የሰው ቤት ሥራ ነው፤ እዚያም ከሰልና በረኪና አለ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ለዓመታት የከፈለችው የጡረታ መዋጮ አላት፤ 10 ዓመት ሳይሞላት ብትለቅ ምን ይዛ ትሄዳለች? ምክሩ የሚሠራው ምርጫ ላለው ሰው ነው። ምርጫ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ማመልከቻ አይጽፍም፤ ለቆ ይሄዳል።

ሁሉንም ሥራ ለሁሉም ሰው ማመቻቸት አይቻልም የሚለውን ግን እቀበላለሁ። ከባድ አስም ያለበት ሰው ቡና መቁያ ማሽን ላይ ይቁም ማለት አልችልም። ያኔ የሚጠየቀው በዚያው ድርጅት ውስጥ ሌላ የሚችለው ቦታ አለ ወይ የሚል ነው። ሚዛን ላይ፣ በር ላይ፣ መዝገብ ላይ። ከሌለ፣ ቦርድ ይየው፤ የሚገባው ጥቅም ይከበርለት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ቀጥታ ወደ በሩ አይደለም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ሌላው አስተያየትዎ ነው፤ እንዳለ ይቆይ፤ ሰው ይከራከርበት። ስለ ሕጉ የጻፉትን አንቀጽ ግን ያስተካክሉልን። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሥራ አካባቢን እንደሚጨምር፣ አሠሪም ግዴታ እንዳለበት ይጻፉበት። ጽሑፍዎ አሁንም እየዞረ ነው፤ እያነበቡ ማመልከቻቸውን ከመሳቢያ ሳያወጡ የቀሩ ሰዎች አሉ።